አጭር አጭሩን ተናገሪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዕቃ ማዘዣ ነበር። ባለቤቴ ግን «አንተ ከሰው ጋር ሳይሆን ከራስህ ጋር ነው የምትከራከረው፤ ጻፈውና እኛን አሳርፈን» አለችኝ። እነሆ፣ አሳረፍኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ምክር ቤት በምግብ ቤትና ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ሲጋራ ማጨስን የሚከለክል ደንብ አርቅቋል። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሕዝብ ጠርተው ያወያያሉ፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣሉ። ወሬውን ያመጣችልኝ የጤና ተቆጣጣሪዋ ናት፤ ያቺ በየሦስት ወሩ እየመጣች የማብሰያ ቤቱን ፍሳሽ በባትሪ የምታይ ቀጭን ሴት። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «አስቀድመው ቢዘጋጁ ብዬ ነው» አለችኝ። ደግነቷ!

አባቴ የተወልኝ ምግብ ቤት ታች አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አለው። ታች ያለው በልቶ ሂያጅ ነው። ቤቱን ቤት ያደረገው ፎቁ ነው፤ ደረጃው አናት ላይ በመስታወት የተከለለ ክፍል። አጫሾቹ ደንበኞቼ እዚያ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ተቀምጠው እስኪመሽ አይነሱም። መስኮቱን አባቴ በምስማር መትቶታል፤ ካርታ የሚጫወቱት ነፋስ ወረቀታችንን በተነብን እያሉ ስላስቸገሩት። እኔም አልነካሁትም።

ፎቁን የምታስተናግደው ታናሽ እህቴ ናት። እዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ማን ምን እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ሚስት ስትደውል «የለም» እንደሚባል ጠንቅቃ ታውቃለች። ባሏ ሲሞትባት አንድ ልጇን ያሳደገችው በዚያ ሥራ ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም።

ደንቡ ከጸደቀ ፎቁ ሞተ ማለት ነው። ፎቁ ከሞተ እኛም አለቀልን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ተቻኩያለሁ። ዘይት አቅራቢው ቀረ። አብሳይዋ ከሥጋ ሻጩ ጋር ተጣላች። ፎቁ ጢም ብሏል።

የመኪና ደላላው «ዛሬ ሞተራችን አልነሳ አለች እንዴ?» አለ። እህቴን ነው። ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ስለምትስል ሞተር ብለው አውጥተውላታል። እሷ ስትስል እነሱ በእጃቸው ቁልፍ እያዞሩ በአፋቸው «ጥርርር» ይላሉ። ሳቅሁ። ደንበኛ ሲቀልድ ባለቤት ይስቃል፤ ሥራ ነው። እሷም ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ፤ የባሰ ሳቁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የምግብ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ተሰበሰበ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ትልቁ ምግብ ቤት የሊቀ መንበራችን ነው። ሰውየው ሲናገር ጠረጴዛ አይመታም፤ ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ሰው ጆሮውን ይዞ ይጠጋዋል።

«እነሱ ሐኪም ይዘው ይመጣሉ» አለ። «በሐኪም ላይ ሐኪም ማቆም ዋጋ የለውም። እኛ ማቅረብ ያለብን ሠራተኛ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ውስጥ የኖረች፣ ግን ቀጥ ብላ የምትቆም፣ መልኳ ያላረጀ፣ ሕዝብ የሚወዳት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንዱ «ያንተ እህት እያለች!» አለ። እውነቱን ለመናገር ኩራት ተሰማኝ። በዚያ ማኅበር ውስጥ ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በበጎ ተነሳ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ቀጥ ብላ የምትቆመዋ ማን ናት?»

«እህቴ ናታ።»

«እኔ ታች ቆሜ የእሷ ትንፋሽ ይሰማኛል» አለች። «አንተ አጠገቧ ሆነህ አይሰማህም። ክሊኒክ ውሰዳት።»

ሴት ወሬ ስታበዛ መልስ አይሰጥም። ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ነገርኳት። ከምሳ በፊት ነበር፤ ፎቅ ማንም አልነበረም፤ መተርኮሻዎቹን በጨርቅ ትወለውላለች።

«ጋሼ፣ እኔ በሰው ፊት መናገር መቼ አውቃለሁ?» አለች።

«ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ፊት አይደል የኖርሽው?»

«እሱ ማገልገል ነው። ትሪ የያዘ ሰው አይታይም።»

«ልጅሽ በመጪው ዓመት ትመረቃለች። ፎቁ ከተዘጋ ምን ልትሠሪ ነው?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ወይም ነበረብኝ፤ እውነት ነውና። ጨርቁን አጠፈች፤ እንደገና ዘረጋችው።

«እሺ» አለች። «አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ። መስኮቱን አስነቅልልኝ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ይጨንቀኛል።»

«ይሄ ስብሰባ ይለፍና አስነቅልልሻለሁ» አልኳት። አሁን ብነቅለው ደንበኛው ምን ይላል? ደንቡ ሳይጸድቅ የፈራሁ ይመስልብኛል።

ሊቀ መንበሩ የጤና ማስረጃ ይኑራት ብሏል፤ ቢጠይቋት እንድታሳይ። ከነገ ወዲያ ክሊኒክ ትሄዳለች። ባለቤቴም ደስ ይላታል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሄደች። ራጅ አነሷት። ማክሰኞ ውጤት ይደርሳል ብለዋታል። የቀረችው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ፎቁ ግን ተበጠበጠ። ደላላው «ሞተሯን ጋራዥ አስገባችኋት?» አለ። ይሄ ሰውዬ ቀልድ ያውቃል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

እሷ ሥራ ስለበዛባት ውጤቱን እኔ ተቀበልኩላት። ክሊኒኩ ከአትክልት ተራው አጠገብ ነው፤ መንገዴ ነበር። መዝገብ ላይ ፈርም አሉኝ፤ ፈረምኩ።

ፖስታው አልታሸገም ነበር።

የሐኪም ጽሑፍ ለማን ይገባል።

ለእህቴ «ብርድ ነው ብለዋል» አልኳት። «እኔም ብያለሁ» አለች፤ ደስ አላት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ለሐኪም ሁሉ ነገር አስቸኳይ ነው። ባለፈው ዓመት የባለቤቴን ጥርስ «በአስቸኳይ ይነቀል» ብለው አልነበር? ይኸው እስከ ዛሬ ታኝክበታለች። ሳንባዋ ላይ ጥላ አለ ያሉትም ጥላ ነው፤ ጥላ በየት በኩልም ይወድቃል። ራጁ ሲነሳ ብትነቃነቅስ? ሆስፒታል ትላክ ይላል እንጂ ታማለች አይልም። ደግሞ እኔ አልልክም አላልኩም። ስብሰባው ኅዳር 23 ነው። ከዚያ ማግስት እኔ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ። ሦስት ሳምንት፣ አራት ሳምንት ምን ይለውጣል? ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ነገር ለአራት ሳምንት አይሮጥም።

አሁን ብነግራት ትፈራለች። የፈራ ሰው በሽታው ይብስበታል። ይህ የታወቀ ነው።

ፖስታውን ሚዛኑ ሥር፣ መሳቢያው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሊቀ መንበሩ መጥቶ አያት። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንደ ምክር ቤት አባል ጠየቃት፤ እሷ ትመልስለታለች። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ሳሏ መጣ።

ወደ ጎን ወስዶኝ «እንዲህ ሆና ከቀረበች በገዛ ቢላችን ታረድን ማለት ነው» አለኝ።

«አይዞህ፣ እኔ አስተካክላታለሁ።»

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የምትስለው ረጅም ስትናገር ነው። ስለዚህ «አጭር አጭሩን ተናገሪ» አልኳት። «አዎ። አይደለም። ደህና ነኝ። ሥራዬን እወዳለሁ።» ከአራት ቃል እንዳታልፍ። በየመሐሉ ውሃ ፉት ትላለች፤ ሰው የተረጋጋች ነው የሚመስለው። ከመድኃኒት ቤትም ሳል የሚያፍን ሽሮፕ ገዛሁላት፤ ሲወስዱት ያደነዝዛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

በየቀኑ ከምሳ በፊት እናጠናለን። ዛሬ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ሳትስል ጨረሰች። አጨበጨብኩላት። አንገቷ ላይ ያለው ቆዳ በትንፋሽ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሻርፕ ታደርጋለች።

ኪሎ ቀንሳለች። አብሳይዋ «ይቺ ልጅ በውሃ ብቻ ነው እንዴ የምትኖረው፣ ሳህኗ ሁሌ ሙሉ ነው የሚመለሰው» አለች። እኔ ደግሞ ቅጥነት ያምርባታል አልኩ። አብሳይዋ አየችኝ። የሆነ ነገር ያየችብኝ መሰለኝ። ደግሞ ምን ታያለች፤ መሳቢያው ተቆልፏል።

እሑድ፣ ኅዳር 15

የእህቴ ልጅ መጣች። አስተማሪ ልትሆን ነው፤ ኮሌጅ ናት። ልጅነቷን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ነው ያደገችው። እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም።

«አጎቴ፣ የእማዬን የራጅ ውጤት አይተኸዋል?»

«ብርድ ነው አሉ።»

«ብርድ በራጅ ይታያል?»

«አንቺ ሐኪም ሆንሽ ወይስ አስተማሪ?»

እህቴ ገባችና «ተዪው አጎትሽን፣ ሥራ በዝቶበታል» አለቻት።

ሁልጊዜም እንዲህ ናት፤ ለእኔ ትሟገታለች። ልጅ ሆነን የአባታችንን የግድግዳ ሰዓት ሰብሬ እሷ ናት «እኔ ነኝ» ብላ የተገረፈችው። ለምን አሁን ትዝ አለኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ሦስት ቀን ቀረ። ሁለት ጊዜ መሳቢያውን ከፍቼ ዘጋሁ። ልነግራት ደረጃው አጋማሽ ድረስ ወጥቼ ነበር፤ ደላላው ጠራኝ። እሱ ባይጠራኝ ኖሮ እነግራት ነበር። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

አሸነፍን!

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ሐኪማቸው ተናገረ፤ ሥዕል አሳየ፤ ጥቁር ሳንባ። ተቆጣጣሪዋ ቀጥላ ስለ አስተናጋጆች አወራች፤ የማያጨሱት የሰው ጭስ እየሳቡ ይታመማሉ አለች። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

ከዚያ እህቴ ተጠራች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻርፗን አድርጋ። ሽሮፑን ሁለት እጥፍ ነው ያጠጣኋት።

«ጭስ በበዛበት ክፍል ስንት ዓመት ሠራሽ?»

«ሃያ ሁለት።»

«አንቺ ታጨሻለሽ?»

«አላጨስም።»

«ጤናሽስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ይህ ደንብ ይጠቅመኛል ትያለሽ?»

ውሃዋን ፉት አለች። «ሥራዬን ነው የሚያሳጣኝ።»

ጭብጨባው! ያኔ ያ ሐኪም ተነሳ። ፊቷን ሳይሆን አንገቷን ነበር የሚያየው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለ። «እህታችን የረቂቁን የመጀመሪያ አንቀጽ ጮክ ብላ ታንብብልን። ስድስት መስመር ናት።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ልጅ ሳለን ልትገረፍ ስትል እንደነበረው ሆነ። ስድስት መስመር ሳትስል አትችልም። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ያ ሰውዬም አውቋል።

ብድግ አልኩ። «እህቴ ሠራተኛ እንጂ ተማሪ አይደለችም!» አልኩ። «ድሃ መሆኗ አይበቃ ብሎ ማንበብ ትችል አትችል እንደሆን በሕዝብ ፊት ልትፈትኗት ነው?»

አዳራሹ ተናወጠ። «ነውር ነው!» የሚል ከየአቅጣጫው መጣ። ሐኪሙ አፍሮ ተቀመጠ። እህቴ አንደኛ ሆና ነው ትምህርቷን የጨረሰችው፤ ግን ይህን ማን ያውቃል?

ደንቡ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ በአሥራ አንድ ለዘጠኝ ተወሰነ። ሊቀ መንበሩ አቀፈኝ። እህቴ መፀዳጃ ቤት ገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትወጣ ሻርፗን በእጇ ጠቅልላ ይዛው ነበር። «ጎበዝ» አልኳት። «ቤት ልሂድ፣ ጋሼ?» አለች። የከሰዓቱ ሥራ ስለነበረ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይታ ሄደች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ማግስቱ አለፈ። ሆስፒታሉን አልረሳሁም። ዓርብ የማኅበሩ ግብዣ ፎቅ ላይ ስለሆነ እሷ ከሌለች አይሆንም። ሰኞ እንሄዳለን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ትናንት በግብዣው መሐል ወደቀች።

ከሃምሳ በላይ ሰው፣ ሁሉም እያጨሰ፤ መስታወቱ ነጭ ሆኖ ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። ደላላው «ለሞተራችን!» ብሎ ብርጭቆ አነሳ፤ ሁሉም «ጥርርር» አሉ። እሷ መተርኮሻ ልታነሳ ጎንበስ አለች፤ ሳለች፤ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ደም። መጀመሪያ የፈሰሰ ወይን መስሏቸው ሳቁ።

ተሸክሜ ያወረድኳት እኔ ነኝ። እንደ ሕፃን ቀላለች።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም «ከዚህ በፊት ራጅ ተነስታ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አይ» አልኩ።

እህቴ ከአልጋው ላይ ጭምብሉን ገለጥ አድርጋ «ተነስቻለሁ። ብርድ ነው ብለውኛል» አለች፤ የክሊኒኩንም ስም ተናገረች። ሐኪሟ ስልክ ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አንድ ወንበር ነበር፤ ተቀመጥኩ። ስትመለስ እኔን ሳይሆን እጄን አየችው።

«መዝገቡ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት?»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እሷም አልደገመችም። «ያኔ ቢሆን ቀዶ ሕክምና እንሞክር ነበር» ብላ ገባች።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ሁሉንም እንደሆነው እጽፋለሁ።

ልጇ በሩ ላይ ቆማለች። ባለቤቴ አልጋው ጎን ተቀምጣለች። እህቴ «ሁላችሁም ውጡልኝ፣ እሱ ይቅር» አለች። ወጡ።

«አንብበኸዋል?» አለችኝ።

«ልነግርሽ ነበር። ሰኞ ልወስድሽ…»

«አንብበኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ።»

«ስንት ቀን ያዝከው?»

«አንድ ወር ገደማ።»

«ሠላሳ አንድ ቀን» አለች። «ተኝቼ ቆጠርኩት።» አየር እስክትስብ ጠበቅኩ። «ሽሮፑን በማንኪያ ስታጠጣኝ ታውቅ ነበር?»

እጇን ልይዝ ስል ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው።

«ልጅ ሆነን የሰበርከውን ሁሉ እኔ ሰበርኩ እልልህ ነበር» አለች። «ይሄን ግን አልልልህም። ተቆጣጣሪዋን ጥሩልኝ።»

«እህቴ፣ ቤቱን ታዘጊዋለሽ፤ የአባታችንን ቤት…»

«ጥሩልኝ አልኩ» አለች፤ ለእኔ አልነበረም፤ በበሩ በኩል ለልጇ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ቃሏ በጋዜጣ ወጣ። ሁለት ቀን ነው የፈጀባት፤ እሷ ትናገራለች፣ ተቆጣጣሪዋ ትጽፋለች። ከምሳ በፊት ያጠናነው፣ ሽሮፑ፣ ሻርፑ፣ የመስኮቱ ምስማር። ስለ ፖስታው ምንም አላለችም። ሁለት ጊዜ ደግሜ ፈለግኩት። የለም። ለምን ተወችው?

ሊቀ መንበሩ ደወለ። «እህትህን ዝም ማሰኘት ያቅትሃል?» አለኝ። አስቤ ሳላበቃ ዘጋው። የማኅበሩ ሰዎች በመንገድ ሲያገኙኝ ጫማቸውን ያያሉ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ምክር ቤቱ እንደገና ተሰበሰበ። አሥራ ስምንት ለሁለት። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማጨስ ክልክል ነው። አልሄድኩም። አብሳይዋ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍታ አሰማችኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ይህን ለማን እናገራለሁ?

ሰኞ ምስማሩን ነቀልኩ፤ መስኮቱ ሲከፈት የክፈፉ ቀለም አብሮት ተላጠ። ግድግዳው ሲታጠብ ሦስት ባልዲ ሻይ የመሰለ ውሃ ወጣ። ቡና ዓይነት ነው ብዬ የማውቀው ግድግዳ ለካ ነጭ ነበር።

ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። ማክሰኞ ሁለት ጠረጴዛ። ትናንት ግማሹ። ዛሬ ሞላ። እናቶች ሕፃን ይዘው፣ የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ አስተማሪ ሙሉ ክፍሉን ይዞ። ደላላው ራሱ መጣ፤ በር ላይ አጭሶ ገብቶ ሁለት ሰው የሚበላውን በላ። «አየሩ ተሻለ እኮ» አለኝ፤ ዓይኑን እንኳ አላሸም።

ያ ሁሉ ለዚህ ነበር? ልትዘጋ ነው ያልኳት ክፍል ይኸው ቦታ ጠፍቶባት ሰው ይመለሳል።

ባለቤቴ ከእህቴ ቤት አልተመለሰችም። እሷን እያስታመመች ነው። ሆስፒታሉ «ቤቷ ትሁን» ብሏል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

የእህቴ ልጅ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ለእማዬ የሕክምና ድጋፍ ማመልከቻ አለ» አለች። «አሠሪዋ የት እንደሠራችና ለስንት ዓመት እንደሠራች መጻፍ አለበት። አንድ ገጽ ነው። ይጽፉልኛል?»

ይጽፉልኛል! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንተ ስትለኝ ኖራ በአንድ ቀን ወደ እርስዎ ከፍ አደረገችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የማኅበሩን ጠበቃ ሳላማክር አልፈርምም ብዬ አስጠበቅኳት። ጠበቃው «ጭስ የሚል ቃል እንዳታስገባ፤ በራስህ ላይ ትመሰክራለህ» አለኝ። «በምግብ ቤቱ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ተሰማርታለች» ብዬ ጻፍኩ።

ልጅቷ አነበበችው። «ልዩ ልዩ» አለች፣ ቀስ ብላ። አጥፋ በቦርሳዋ ከተተችው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

ማመልከቻው በቂ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። የነገረችኝ አብሳይዋ ናት። እህቴ ቤት ሄድኩ፤ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ተኝታለች» አለችኝ። በመስኮቱ ሳይ ቁጭ ብላ ነበር። ስትተነፍስ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይነሳል። አየችኝ። መጋረጃውን ዝጉት የሚል ምልክት ሰጠች።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ትናንት ጠዋት ሞተች። ዛሬ ቀበርናት።

አልቅስ አልቅስ አለኝ፣ ግን ሰው ያየኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ሌሊቱን ሙሉ ጻፍኩት። ሁለት ገጽ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት፣ መስኮቱ በተቸነከረ ክፍል፣ በየቀኑ ከምሳ እስከ ማታ፣ እኔ ወንድሟና አሠሪዋ አስገድጄያት። ጠበቃው አታስገባ ያለኝንም ቃል ጻፍኩ። ፈረምኩ። እፎይ አልኩ፤ አልዋሽም፣ ቀለል አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ይዤው ሄድኩ። ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። ሊቀ መንበሩ ከጓደኞቹ ጋር አጥሩ ሥር ያጨሳል። ደላላው አለ። አብሳይዋ፣ ተቆጣጣሪዋ፣ ጎረቤቱ በሙሉ። ለእህቴ ልጅ ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ሁለቱንም ገጽ።

«እማዬ ከሞተች በኋላ ለማን ነው?» አለች።

«እውነቱ እንዲታወቅ።»

«ፖስታው የለበትም።»

«እሱ… የቤተሰብ ነገር ነው። እናትሽም ለጋዜጣው አልተናገረችውም።»

«እማዬ ያልተናገረችው ራሱ ይናገረው ብላ ነው። እስከ መጨረሻዋ ቀን ‹ተናገረ?› እያለች ትጠይቅ ነበር።» እስክሪብቶ ከተቆጣጣሪዋ ተቀብላ ዘረጋችልኝ። «ይጨምሩበት።»

ሰው ወደ እኛ መዞር ጀምሮ ነበር። ባለቤቴን አየኋት። እንድታወጣኝ ነበር ያየኋት። ቀረበች፤ የአንዲት አሮጊት ጎረቤት ወንበር አምጥታ ጠረጴዛ እንዲሆነኝ ፊቴ አደረገችልኝ።

ተንበርክኬ ጻፍኩ። ሦስት መስመር።

«አሁን ያንብቡልን» አለች ልጅቷ።

«ለማን?»

«ለሁሉም። ጮክ ብለው።»

አነበብኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ድምፄ ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ሊቀ መንበሩ ሲጋራውን ጥሎ በጫማው ረገጠና ወደ በሩ ሄደ፤ ጓደኞቹ ተከተሉት። ሦስቱ መስመር ላይ ስደርስ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ባለቤቴ «ቀጥል» አለችኝ። «ጥቅምት 26 ቀን ውጤቷን ተቀብዬ አነበብኩ። በአስቸኳይ ሆስፒታል ትላክ ይላል። ሠላሳ አንድ ቀን ደበቅኩት።»

አንዲት ሴት ጮኸች፤ ማን እንደሆነች አላየሁም። ደላላው ሽንጡን ይዞ መሬት መሬት ያያል። የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ለተቆጣጣሪዋ ሰጠቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ለማያውቋት ለቀስተኞች በምትናገርበት ድምፅ፣ «ስለመጡ እናመሰግናለን» አለችኝ። በሩን አሳየችኝ ማለት ነው።

ባለቤቴ እዚያው ቀረች።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ቃሌን ሰኞ ጠዋት እንድሰጥ ከጤና ቢሮው ደብዳቤ መጣ።

ዛሬ ፎቁ ሞልቶ ዋለ። አስተናጋጅ ስላጣሁ ትሪውን እኔ ራሴ ተሸከምኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ደረጃው መሐል ትንፋሽ አጠረኝና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ከላይ ሆና «አባባ፣ ደከመህ?» አለችኝ። እናቷ «ነይ፣ ሰውየውን ሥራ አታስፈቺው» ብላ ወሰደቻት።

ምግቡን አደረስኩ። ቀዝቅዟል አሉ።